ልጅ አይገዛም፤ ፍቅር ግን ዋጋ አለው



ከጥቂት ጊዜ በፊት ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ወደ ቁምስናችን መጡ። የሚያውቋት አንዲት ወጣት ፀንሳለች፤ የፅንሱ አባት ጥሏት ሄዷል፤ እርሷም «ስወልድ ልጁን እናንተ አሳድጉልኝ» ብላቸዋለች። የጠየቁን ሁለት ነገር ነበር፤ ምን ማድረግ ይገባናል? ምን ያህልስ ያስወጣናል? የሰጠናቸው መልስ ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል ብለን ስላሰብን እነሆ እናቀርበዋለን።

በቅድሚያ ምኞታቸው መልካም መሆኑን ነገርናቸው። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ወገኖቻችን ቃልም ልማድም አድርገን የተቀበልነው የቆየ ሀብታችን ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ልጅ ያልወለዱ ባለ ትዳሮች ወላጅ የሌላቸውንና የተጣሉ ልጆችን በመቀበል ፍቅራቸውን እንዲገልጡ ታበረታታለች። እኛ ራሳችን የእግዚአብሔር ልጆች የሆንነው በጸጋ እንጂ በተፈጥሮ እንዳልሆነ ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያና ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት አስተምሮናል።

ስለ ገንዘቡ ግን ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2ን አብረን አነበብን። የፈርዖን ልጅ ሙሴን ከወንዝ አንሥታ ልጇ አደረገችው። በዚህ ታሪክ ገንዘብ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም እናቱ የገዛ ልጇን እንድታጠባ የተሰጣት ደመወዝ ነው። ገንዘቡ እናትን ከልጇ ጋር ለማቆየት እንጂ ለመለየት አልዋለም።

ስለዚህ ወጣቲቱን አስቀድመው እንዲጠይቋት መከርናቸው፤ «ምግብና መጠለያ፥ አይዞሽ ባይ ወገንም ቢኖርሽ ልጅሽን ታሳድጊው ነበርን?» መልሷ «አዎን» ከሆነ የመጀመሪያው ግዴታችን እርሷን መርዳት ነው። ችግር ከእጇ የነጠቃትን ልጅ ስጦታ ብለን ልንጠራው አንችልም። የሐኪም ቤቱን ወጪና የአራስነቱን ቀለብ መሸፈን ምጽዋት ነው፤ ነገር ግን በኋላ «ይህን ሁሉ አድርገንልሽ» ተብሎ የሚጠየቅ ዕዳ ከሆነ ምጽዋትነቱ ይቀርና የልጅ ዋጋ ይሆናል።

ልትሰጥ የምትፈቅደው በነጻነት ከሆነ ደግሞ በሕግ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜው ከ25 ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው ይህን ዕድሜ ቢያሟሉ ይበቃል፤ ሁለቱም ግን በአንድነት መስማማት አለባቸው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በየአካባቢው መጠየቅ ይገባል። የወላጆች ስምምነት ያስፈልጋል፤ አባቱ የታወቀ ከሆነ «ጥሏት ሄዷል» ብሎ ማለፍ አይበቃምና ጉዳዩ ለዳኛ ይቅረብ። ልጁ ሳይወለድ ስምምነት ቢደረግ እንኳ እናቲቱ ከወለደች በኋላ ሐሳቧን የምትለውጥበት ጊዜ በሕግ ተሰጥቷታል። ውሉም ፍርድ ቤት የሕፃኑን ጥቅም መርምሮ ካላጸደቀው አይጸናም። ለሰነድ፥ ለጽሕፈትና ለመመላለሻ የሚወጣው ወጪ በደረሰኝ የሚከፈል ግልጽ ወጪ ነው። ስለ ሕፃኑ ግን ለእናቲቱም ሆነ ለአገናኝ የሚከፈል ዋጋ ሊኖር አይገባም።

አንዳንዶች ይህን መንገድ አሳጥረው የሌላይቱን ልጅ «እኛ ወለድነው» ብለው ያስመዘግባሉ። ይህ ሐሰት ነው፤ ሕፃኑንም ከሥሩ ይቆርጠዋል። ሕጉ ራሱ ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና ይጠብቅለታል። በሕግ የተፈጸመ ጉዲፈቻ በቤተ ክርስቲያንም ዘንድ ዝምድናን ስለሚፈጥር የጋብቻ ክልከላ ያስከትላል። ስለሆነም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ለጥምቀት ሲመጣ እውነቱ ለቆሞሱ እንዲነገርና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንዲቀርብ ቤተሰቡን አስታውሱ።

እውነተኛው ወጪ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ እንደ ዕድሜው እውነቱን ሊሰማ ይገባዋል። የወለደችው እናት ስም በቤቱ በክብር ይነሣ። ሌላ ልጅ ቢወለድ በፍቅርም በውርስም አይለይበት። ልጅ ብሎ ወስዶ ውኃ ቀጂና እንጨት ለቃሚ ማድረግ በእግዚአብሔር ፊት ግፍ ነው፤ ሕጉም ልጁን እንደ ባሪያ የያዘውን ሰው ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት እንዲሽረው ይፈቅዳል። ንጉሥ ዳዊት ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ሊያቀርብ አልወደደም፤ እኛም ይህን ዋጋ ሳንሰስት እንክፈል።

ባልና ሚስቱ ምክራችንን ሰምተው ወጣቲቱን እስክትወልድ ረዷት። ሕፃኑን ካቀፈችው በኋላ ግን እያለቀሰች «ልሰጠው አልችልም» አለቻቸው። እነርሱም አለቀሱ፤ ያወጡትን ግን አልጠየቁም፤ ቀለቡንም አላቋረጡም። በጥምቀቱ ዕለት የሕፃኑ የክርስትና አባትና እናት ሆነው ቆሙ። ልጅ የማሳደግ ምኞታቸው እስከ ዛሬ አልተፈጸመም፤ አብረናቸው እንጸልያለን። ነገር ግን የአንዲት እናት እንባ ያላረፈበት ቤት አላቸው፤ እግዚአብሔር ሕፃን በአደራ ሊሰጠው የሚወድደውም እንዲህ ያለውን ቤት እንደሆነ እናምናለን።

ያልወለደውን ልጅ በእውነተኛ አባትነት ያሳደገ ቅዱስ ዮሴፍ በአማላጅነቱ ይርዳን። አሜን።