አልገባም ያለው ኮከብ

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1994 ምሽት በቺካጎ ስታዲየም ሰዓቱ ላይ የቀረው 1.8 ሰከንድ ነበር። ውጤቱ 102 ለ 102። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ የቺካጎ ቡልስ አሰልጣኝ ፊል ጃክሰን ተጫዋቾቹን ሰብስቦ የመጨረሻውን ኳስ ቶኒ ኩኮች እንዲወረውር ወሰነ። ኩኮች በአሜሪካ የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት ክሮኤሺያዊ ነው። የቡድኑ ኮከብ የስኮቲ ፒፔን ድርሻ ከመስመር ውጭ ቆሞ ኳሱን ማቀበል ብቻ ሆነ። ፒፔን አልተነሣም። ጃክሰን ትገባለህ ወይስ አትገባም ሲለው አልገባም አለና የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አሰልጣኙ ሌላ ዕረፍት ጠይቆ ፒት ማየርስን አስገባ። ማየርስ አቀበለ፣ ኩኮች ዘሎ ወረወረ፣ ኳሱም ገባ። ቡልስ ኒውዮርክ ኒክስን 104 ለ 102 ረታ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። አንዱ ወገን ፒፔን ጓደኞቹን በጭንቅ ሰዓት ከዳ ይላል። ሌላው የተናቀ ሰው ክብሩን አስከበረ ባይ ነው። ሁለቱም ነገሩን የጠባይ ጉዳይ አድርገውታል፤ ለአንዱ ትዕቢተኛ፣ ለሌላው ቆራጥ። ከሥሩ ግን ከጠባይ የሚከብድ ጥያቄ አለ። በእውነት የተበደለ ሰው ትእዛዝ ሲመጣበት የመታዘዝ ግዴታው ይነሣለታል ወይ? ካልተነሣለትስ ግዴታው ለማን ነው?

በደሉ እውነተኛ ነበር። ፒፔን የተወለደው በአርካንሳስ ግዛት፣ ሃምበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ከ12 ልጆች የመጨረሻው። አባቱ በስትሮክ፣ አንድ ወንድሙ ደግሞ በደረሰበት ጉዳት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ውለዋል። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው ነገ ብጎዳ ቤተሰቤ ምን ይሆናል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ገንዘቡ ቢያንስም ዓመቱ የበዛ ውል ይመርጣል፤ ፒፔን እ.ኤ.አ. በ1991 የፈረመው ይህን ዓይነቱን ነው። የክለቡ ባለቤት ጄሪ ራይንስዶርፍ ራሱ፣ ዋጋህን ዝቅ አድርገህ እየሸጥህ ይሆናል ብሎ አስጠንቅቆት እንደነበር ኋላ ተናግሯል። የሊጉ ገቢ ሲንር የፒፔን ደመወዝ ባለበት ቆመ። በ1997-98 የውድድር ዘመን ከቡልስ ተጫዋቾች በደመወዝ 6ኛ፣ ከመላው ሊግ፣ ከኤንቢኤ፣ ደግሞ 122ኛ ነበር።

ኩኮች የዚህ ቁስል አካል የሆነው ሳያውቀው ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጄሪ ክራውስ እ.ኤ.አ. በ1990 የመረጠውን ይህን ወጣት አሜሪካ ለማምጣት ዓመታት ለመነ፣ ደጅ ጠና። ዋንጫ ያመጡት እነ ፒፔን ያንን ልመና ዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ አሜሪካ ከክሮኤሺያ ስትገናኝ ፒፔንና ማይክል ጆርዳን ኩኮችን መፈናፈኛ አሳጡት። ልጁ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የተቀጣው ክራውስ ስለወደደው ነው። በ1993 የቡልስ ዋነኛ ኮከብ ጆርዳን በድንገት ጫማውን ሲሰቅል ሸክሙ ሁሉ ፒፔን ላይ ወደቀ። አለቀለት የተባለው ቡልስ 55 ጨዋታ አሸነፈ፤ ጆርዳን ከነበረበት ካለፈው ዓመት በሁለት ብቻ ያነሰ ነው። ፒፔንም የዚያ ዓመት የኮከቦች ጨዋታ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እንግዲህ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሰው ፊት ነው የመጨረሻው ኳስ ለኩኮች የተሰጠው።

የሉቃስን ወንጌል የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ታላቁ ወንድም ትዝ ሊለው ይችላል። ሰባክያን ስለጠፋው ልጅ ሲያስተምሩ ወደ መጨረሻው ላይ ቸኩለው የሚያልፉት ያ ሰው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያገለግል ኖሮ አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ የሰባው ፍሪዳ ለሌላ ታርዷል፤ ተቆጥቶም ወደ ግብዣው አልገባም ይላል። በእርግጥ ኩኮች የአባቱን ሀብት የበተነ ልጅ አይደለም፤ ምሳሌው በዚያ በኩል አይገጥምም። ታላቁ ወንድም ግን ቁርጥ ፒፔን ነው። አባትየው ቅሬታውን ሐሰት አላለውም፤ ግብዣውን ትቶ ወጥቶ ለመነው። ወንጌሉም ልጁ ይግባ አይግባ ሳይነግረን ታሪኩን ይዘጋል። ጃክሰን እንደዚያ አባት ደጅ ወጥቶ የሚለምንበት ጊዜ አልነበረውም። ዳኛው ፊሽካውን ይዞ ቆሟል፤ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ይጮኻል።

ኳሱስ በእውነቱ ለማን ይገባ ነበር? አርስቶትል ‘ፖለቲካ’ በተባለው መጽሐፉ የዋሽንት ጥያቄ ያነሣል። ጥሩ ዋሽንቶች ቢኖሩ ለማን እንስጣቸው? ለባላባት ልጅ? ለመልከ መልካሙ? መልሱ በዋሽንት ለሚበልጠው ነው፤ ዋሽንቱ የተሠራው እንዲነፋ ነውና። ጃክሰን ያሰበው ከዚህ አይርቅም። ኩኮች በዚያ ዓመት በመጨረሻ ሰከንዶች ጨዋታ የሚጨርስ ሰው መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። በጃንዋሪ 1994 የኢንዲያናው ሬጂ ሚለር ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲቀር አስቆጥሮ ለቺካጎ ተመልካች በሹፈት እጅ ነሣ። ገና ሹፈቱ ሳይረሳ ኩኮች ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ወርውሮ አሸነፈው። በተጨማሪ ከመስመር ውጭ ሆኖ አስተማማኝ ኳስ የሚያቀብል፣ ረጅምና አስተዋይ ሰው ያስፈልጋል። ከቡልስ መካከል ለዚህ ሥራ ከፒፔን የሚሻል አልነበረም። በዋሽንቱ ሚዛን ካየነው ጃክሰን ለሁለቱም የሚችሉትን ሰጥቷል።

ፒፔን ግን የጠየቀው ችሎታ ይመዘንልኝ ብሎ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የደከምኩበት ይታሰብልኝ ነው። አርስቶትል ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በዋሽንቱ ምሳሌ ቦታ አልሰጠም፤ የትናንት ድካም ዋሽንት አያስነፋምና። ከሰው ልብ ውስጥ ግን ጥያቄው አይጠፋም፤ ደመወዙ ላይ ያልተመለሰለት ሰው በኳሱ እንዲመለስለት ይፈልጋል።

ጃክሰን ራሱ የሚገርም ሰው ነው። ሞንታና ውስጥ የተወለደው ከጰንጠቆስጤ ሰባኪዎች ነው፤ አባቱም እናቱም አገልጋዮች ነበሩ። ኋላ ወደ ዜን ቡዲዝም አዘነበለ፤ ሚሊዮን የሚከፈላቸውን ሰዎች ጸጥ ብለው ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡ ያደርግ ነበር። ከረዳቱ ቴክስ ዊንተር የተቀበለው የሦስት ማዕዘን አጨዋወትም የእምነቱ ቅጥያ ይመስል ነበር፦ ኳሱ ለታወቀው ሰው ሳይሆን ነፃ ለቆመው ሰው ይሂድ። ‘እኔ’ ማለትን ማጥፋት የትምህርቱ ሁሉ እምብርት ነው።

መልካም ትምህርት ነው፤ የሚያስተምረው ሥልጣን ያለው ሰው ሲሆን ግን ጠርጠር ማድረግ አይከፋም። ራስህን ካድ የሚለው ቃል ከአለቃ አፍ ሲወጣ የሚቀለው ለአለቃው ነው። ክለቡ ከፒፔን ርካሽ ውል ሲያተርፍ ባለቤቱን እኔነትህን ተው ያለው ሰው የለም፤ የመጨረሻዋ ኳስ ላይ ሲደርስ ግን ትምህርቱ ታወሰ። የፒፔን ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር ይህ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም።

በገዳማውያን ታሪክ የታወቀው ዮሐንስ ሐጺር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ትንሽ ይጠራል። መምህሩ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ተክሎ በየቀኑ ውኃ አጠጣ አለው። ውኃው ሩቅ ነበር። ዮሐንስ ለምን ሳይል ሦስት ዓመት አጠጣ፤ እንጨቱም ለምልሞ አፈራ፤ መምህሩም ፍሬውን ወስዶ ለመነኮሳቱ የመታዘዝን ፍሬ ብሉ አላቸው። ይህ መታዘዝ ግን ዮሐንስ ፈልጎት የሄደ ነው። ፈቃዱን ለመስበር በረሃ ገባ፤ ትእዛዙም ትርጉም የለሽ መሆኑ ራሱ ፈተናው ነበር። ፒፔን ገዳም አልገባም። በውል የተቀጠረ ባለሙያ ነው፤ ጃክሰንም አበምኔት አይደለም። አንዱን ለሌላው መለኪያ ማድረግ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታይ ስሕተት ነው፤ ሠራተኛውን እንደ መነኩሴ ታዘዝ ብሎ እንደ ቀን ሠራተኛ መክፈል።

ታዲያ አሰልጣኝ የማዘዝ መብቱን ከየት አመጣው? ከዕውቀት ብልጫ ነው ቢባል ብዙ ጊዜ ኮከቡ ስለ ጨዋታው ከእርሱ ያልተናነሰ ያውቃል። ሥልጣኑ የሚመጣው ከጠባብ ጊዜ ነው። አምስት ሰዎች በግማሽ ደቂቃ ተወያይተው ድምፅ ሊሰጡ አይችሉም፤ አንድ ሰው መወሰን አለበት። የሚወስነው ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ሁሉም አውቀው ነው የገቡት። ስለዚህ ትእዛዙን የሚጥስ ሰው መጀመሪያ የሚያፈርሰው የአሰልጣኙን ክብር ሳይሆን ከአራቱ ጓደኞቹ ጋር የገባውን ስምምነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የኩኮች ኳስ ገባች፤ ስለዚህ ጃክሰን ልክ፣ ፒፔን ስሕተት ሆነ ይባላል። ብትስትስ ኖሮ? ምናልባት ጋዜጦች በማግሥቱ ኮከቡን ረስቶ ለጀማሪ የሰጠ አሰልጣኝ ብለው ጃክሰንን ይሰቅሉት ነበር። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ፈላስፎች እ.ኤ.አ. በ1976 የተወያዩበት ጉዳይ ይኸው ነው፦ ሰው በእጁ ባልሆነ አጋጣሚ ሊመሰገንና ሊነቀፍ ይገባዋል ወይ? የፒፔን ድርጊት የተፈጸመው ኳሷ ከመወርወሯ በፊት ነው። ገባችም ሳተችም ያው አንድ ድርጊት ነው፤ ልንፈርደው የምንችለውም ከዚያች ኳስ ለይተን ስናየው ብቻ ነው።

ከፒፔን በፊት ከአሰልጣኙ ጋር የተጣላ ሌላ ኮከብ ነበር፤ ያውም የባሰ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1981 በሶልት ሌክ ሲቲ የሎስ አንጀለስ ሌከርሱ ማጂክ ጆንሰን ከጨዋታ በኋላ በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ወደ ሌላ ክለብ ሽጡኝ አለ። ሌከርስ በዚያ ምሽት አሸንፏል። ጠቡ ከአሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ የአጨዋወት ስልት ጋር ነው፤ ዌስትሄድ ሼክስፒርን ያጠና የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊትም ዋንጫ አምጥቷል። በማግሥቱ ተባረረ። ማጂክ በዚያው ዓመት የ25 ዓመት፣ የ25 ሚሊዮን ዶላር ውል ስለፈረመ ማን እንደሚሄድ ለመገመት አስቸጋሪ አልነበረም። የገዛ ደጋፊዎቹ ሲጮኹበት ሰነበቱ፤ ፓት ራይሊ ቡድኑን ተረክቦ በ1982 ሻምፒዮን ሆነ።

ማጂክ ያደረሰው ጉዳት ይበልጣል፤ አንድ ሰው ሥራውን አጣ። ቢሆንም የማጂክ አመፅ ከፒፔን ይልቅ ቀጥተኛ ነበር ማለት ይቻላል። ጨዋታውን ጨርሶ፣ ጓደኞቹን ሳይተው፣ ቅሬታውን ለሚመለከተው ሰው በአደባባይ አቀረበ። ኃይሉን አላግባብ ተጠቅሞበት ይሆናል፤ ማንንም ሜዳ ላይ ጥሎ ግን አልተቀመጠም። የፒፔን ቅሬታ ከማጂክ የሚበልጥ ነበር። ያቀረበበት ቦታና ሰዓት ግን አስከፊ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው የቡልሱ አንጋፋ ተጫዋች ቢል ካርትራይት ነው። ከጨዋታው በኋላ በመልበሻ ክፍል ውስጥ ይህ ግዙፍ፣ ዝምተኛ ሰው ፒፔን ፊት እያለቀሰ ተናገረ። ይህን ሁሉ አብረን ካለፍን በኋላ እንዴት ታደርግብናለህ የሚል ነበር ነገሩ። ካርትራይት 36 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልቋል፤ ዳግም ዕድል እንደማይኖረው ያውቃል። ክራውስ ላይ ሥልጣን የለውም፤ የማንንም ደመወዝ አልወሰነም። ፒፔን ለቡድኑ ይቅርታ ጠየቀ። ጃክሰን ደግሞ አላገደውም፤ ነገሩን እናንተው ጨርሱት ብሎ ለተጫዋቾቹ ተወው። በዚህ ጽሑፍ ዕይታ በዚያ ምሽት የአሰልጣኙ ትልቁ ጥበብ ኳሱን ለኩኮች መስጠቱ አይደለም፤ የተበደሉት ጓደኞቹ መሆናቸውን አውቆ ይቅርታውን ለእነርሱ መተዉ ነው። በቀጣዩ ጨዋታ ፒፔን 25 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡልስም አሸንፎ ከኒክስ ጋር የነበረውን ተከታታይ ግጥሚያ ሁለት ለሁለት አደረገ።

ንስሐ ገባ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ‘ዘ ላስት ዳንስ’ ጥናታዊ ፊልም ላይ ባይሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ ዕድሉ ቢሰጠኝ ግን ምናልባት አልቀይረውም የሚል ሐሳብ ተናገረ። በ2021 ደግሞ ውሳኔው የዘር አድልዎ ነበረበት ብሎ ጃክሰንን ከሰሰ። ኩኮች በዚያ ዓመት ያስቆጠራቸው ኳሶች ይህን ክስ ለመቀበል ያስቸግራሉ። ቁጭቱን ግን ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ሰው ባደረገው ነገር አዝኖ፣ ያንን እንዲያደርግ የገፋው በደል ዛሬም ልክ አይደለም ብሎ ሊያምን ይችላል።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። ቺካጎ ለፒፔን ዕዳ ነበረበት፤ ባለዕዳዎቹ ግን ቢሮ ውስጥ ነበሩ፣ እርሱ ያስከፈለው ሜዳ ላይ የነበሩትን ነው። ኒክስ በዚያ ተከታታይ ግጥሚያ ሰባተኛ ጨዋታ ቡልስን አሰናበተ። ካርትራይትም በዚያው ዓመት ወደ ሲያትል ሄደ፤ ለቡልስ ዳግመኛ አልተጫወተም።