የአያት እቅፍና የተሸሸገ እውነት

በእኛ ባህል የከባድ ሕመም ወሬ ከታማሚው በፊት ለቤተ ዘመድ ይነገራል። «እሱ እንዳይሰማ» የሚለው አደራ የሚመነጨው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነው። እኔም አንድ ጊዜ በሐኪም ፊት ሳስተረጉም፣ የታማሚው ልጅ «ካንሰር የምትለዋን ቃል ዝለልልኝ» ብሎ ለመነኝ፤ ዘለልኩለት። ዛሬ ግን ይህን ልማድ የሚሞግት ሕክምና መጥቷል።

ሕክምናው ለተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጥ ነው። በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ ፒ.ኤስ.ኤም.ኤ. የተባለ ፕሮቲን በብዛት ይገኛል። ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚጣበቅ መድኃኒት ሉቴሺየም 177 የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተሸክሞ በደም ሥር ይገባና ሕዋሱን ከቅርብ ይመታል። ዒላማው መኖሩም አስቀድሞ በፔት ምርመራ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመውና ቀደም ያሉ ሕክምናዎች ያልገቱት ካንሰር ያለባቸው 831 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ከታካሚዎቹ ግማሾቹ በሕይወት የተሻገሩት ጊዜ በመደበኛው ክብካቤ ብቻ 11.3 ወር፣ መድኃኒቱ ሲጨመር 15.3 ወር ሆኖ ተገኝቷል። በ2022 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች።

እንግዲህ የተገኘው ፈውስ ሳይሆን ጊዜ ነው። ይህም ጊዜ ግዴታ አለው፤ ታካሚው መድኃኒቱን በወሰደ ቁጥር ለሰባት ቀን ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች አንድ ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመከራል። ሰውነቱ ጨረር ያወጣልና። ሕመሙን ያልተነገረው አያት የልጅ ልጁን እንዳያቅፍ ሲከለከል ምን ይበል? ወይ እንደ ተጠላ ይቆጥረዋል፤ ወይ ክልከላውን ንቆ ሕፃኑን ያቅፋል። ለርሱ ልብ ሲባል የተሸሸገው እውነት ልቡን ይሰብራል፤ አልፎም ሌላውን ለአደጋ ያጋልጣል።

«ሁሉም ሰው የቀረውን ወር መቁጠር አይወድም» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ቁጥሩም ቢሆን የብዙዎች እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም። ስለዚህ እውነቱን በታማሚው ላይ ማፍሰስ ሳይሆን፣ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ እርሱን ራሱን መጠየቅ ይገባል። አላውቅም ማለትም የእርሱ መብት ነው፤ ሌላው ግን በእርሱ ስም ሊወስንለት አይችልም።

አራት ወር ዕዳ ለሚከፍል፣ የተጣላውን ለሚታረቅ፣ ልጆቹን ለሚመርቅ ሰው አጭር ጊዜ አይደለም። ሊጠቀምበት የሚችለው ግን መኖሩን ካወቀ ነው። ያን ቀን የዘለልኳት ቃል የእኔም የልጁም አልነበረችም፤ የአባትየው ነበረች።