የጁምዓ ማስታወሻ፦ ሙስ ልታድን ለምትወጣው ወንድሜ

 

በዚህ ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ ከኤድመንተን፣ ካናዳ ነው። ወንድማችንን የሥራ ባልደረቦቹ በመስከረም ለሙስ አደን ጋብዘውታል። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሷል፣ ፈቃዱም በእጁ ነው። ሕይወት ባለው ነገር ላይ ግን አነጣጥሮ አያውቅም። «ሥጋው ሐላል ይሆንልኛል ወይ?» ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ «ሐላል ሥጋ ቤት ሰፈሬ ውስጥ እያለ ጫካ ሄጄ መግደሌ ራሱ ልክ ነው?» ይላል። መልሱ ለእሱ ብቻ ስላይደለ እዚህ መጻፍ መረጥኩ።

ሀገር ቤት ላላችሁት፣ ሙስ (ሙዝ አላልኩም) ከአጋዘን ዘር ትልቁ ነው። እግሮቹ ረጃጅም፣ የወንዱ ቀንድ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ረግረግና ሐይቅ ዳር ይወዳል፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚበቅለውን ሣር ይግጣል። አላስካ ውስጥ 720 ኪሎ የሚመዝን አንድ ወንድ ሙስ ወደ 225 ኪሎ ንጹህ ሥጋ ይወጣዋል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

አደን በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ አዳኝ ነበሩ። አቡ ጀህል የወንድማቸውን ልጅ መስደቡን የሰሙት ቀስታቸውን ይዘው ከአደን ሲመለሱ እንደነበር ሲራ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ፈቃዱ ዓላማ አለው፣ እሱም መብላት ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር በአንድ ወቅት ወፍ አስረው ዒላማ እያደረጉ የሚጫወቱ የቁረይሽ ወጣቶችን አግኝተው ነበር። ወጣቶቹ እሳቸውን ሲያዩ ተበታተኑ። ኢብኑ ዑመርም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርገማቸውን ነገሯቸው። በሌላ ሐዲስ፣ ሰነዱ ላይ ዑለማኦች ቢነጋገሩበትም፣ ያለ ጥቅም የተገደለች ድንቢጥ በትንሣኤ ቀን ገዳይዋን ወደ አላህ ትከሳለች። ጉዳዩ የአንዲት ድንቢጥ ከሆነ፣ 700 ኪሎ የሚያህለው ሙስ ምን ይዞ ይቆማል?

ስለዚህ መጀመሪያ ኒያህን ፈትሽ። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ ያደግንበት ነገር አለ። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ ሰው «ገዳይ» እየተባለ ይፎከርለት ነበር። ለሆዱ አልነበረም፣ ለስሙ ነበር። ዛሬ ፉከራው ወደ ስልክ ገብቷል። የቀንዱን ሁለት ጫፍ ይዞ እየሳቁ ፎቶ መነሳት፣ መለጠፍ፣ ላይክ መቁጠር። ፎቶ ማንሳት ሐራም ነው አላልኩም። ግን ራስህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ ብወጣ፣ ቀንዱንም እዚያው ብተወው፣ ይህን ጉዞ እሄደዋለሁ? ልብህ ካመነታ ምን ልታድን እንደምትሄድ ነግሮሃል። የአላስካ ሕግ ለዚህ ነገር አስገራሚ መድኃኒት አለው። እዚያ አዳኝ ሥጋውን ተሸክሞ አውጥቶ ሳይጨርስ ቀንዱን ይዞ መሄድ አይፈቀድለትም። ቀንድ የሚወጣው በመጨረሻው ሸክም ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄ። ሥጋ ቤት እያለ ለምን ትገድላለህ?

ከሥጋ ቤት የምንገዛ ሰዎች ከመግደል አላመለጥንም፤ ለሌላ ሰው እጅ አሳልፈን ሰጠን እንጂ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለመጣ ነፍስ ያልነበረው ይመስለናል። ከዚህ አንጻር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ገፎ፣ በጀርባው ተሸክሞ የሚበላ ሰው ለሚበላው ነገር የበለጠ ቅርብ ነው። ግን እዚህ ላይ ቆሞ «አደን ይበልጥ ንጹህ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመህ አትቸኩልለት። ቄራ ውስጥ የሚያርደው እጅ የለመደ ነው፣ እንስሳውም የተያዘ ነው። ጫካ ውስጥ ያለኸው ግን አንተ ነህ። ልብህ ይመታል፣ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ መነጽሩ ውስጥ ያለው መስመር ይንቀጠቀጣል። ነገሩ መልካም የሚሆነው ስለጫካው ውበት አይደለም፣ በእጅህ ብቃት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሸዳድ ኢብኑ አውስ ባስተላለፉት ሐዲስ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ነግረውናል። ምሳሌ አድርገው ያመጡት ደግሞ መግደልንና ማረድን ነው፤ ቢላዋህን ሳል፣ እንስሳውን አሳርፈው የሚል መልዕክት ነው። ኢሕሳን ሲባል ሶላትና ሶደቃ ብቻ ትዝ ለሚለን ሰዎች ይህ ሐዲስ ከባድ ነው። የአንተ ቢላዋ ጠመንጃህ ነው። መሳሉ ደግሞ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ተኩስ መለማመጃ ቦታ መመላለስህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ብቻ አይደለም፤ ተንበርክከህ፣ ተቀምጠህ፣ ሮጠህ ትንፋሽህ ከፍ ብሎ እያለ ሞክር። ሁሉም ጥይትህ በአንድ ሰሐን ስፋት ውስጥ የሚያርፍበትን ርቀት ፈልግ። 100 ሜትር ከሆነ ያንተ ርቀት 100 ሜትር ነው። ባልደረባህ 300 ሜትር ላይ መታ አልመታ አንተን አይመለከትህም።

ሙሱ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባና ልብ ያሉበትን ስፍራ ዓልም። ጭንቅላቱን አትምታ። ትንሽ ብትስት መንጋጋውን ትሰብርና መብላት አቅቶት ቀስ እያለ ይሞታል። ሲሮጥ አትተኩስ፣ ጀርባውን ሰጥቶህ ሲሄድም አትተኩስ። ተኩሰህ ሲቀር የሚቀረው ኩራትህ ነው፣ ሳትተኩስ ሲቀር ደግሞ አንድ ቅዳሜ ነው። በመጥፎ ተኩስ ግን የሚሰቃየው ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እንድታስታውስልኝ የምፈልገው ሱረቱል ማኢዳህን ነው። በ94ኛው አያ አላህ (ሱ.ወ) አማኞችን እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት አደን እንደሚፈትናቸው ይናገራል፤ ምክንያቱን ሲገልጽም በሩቅ፣ ሳያየው የሚፈራው ማን እንደሆነ እንዲለይ ነው ይላል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያወሱት ይህ የሆነው በሑደይቢያ ዘመን ነው። ሶሐቦች ኢሕራም ላይ ናቸው፣ አደን ክልክል ነው፣ የዱር እንስሳት ደግሞ በእጅ እስኪያዙ ድረስ ቀረቧቸው። ከዚያ በፊት በሰንበት ዓሣ እንዳያጠምዱ የተከለከሉት የባሕር ዳር ሰዎችም እንዲሁ ተፈትነው ነበር፤ ዓሣው በሰንበት ቀን እየተንሳፈፈ ይመጣላቸዋል፣ በሌላው ቀን ይጠፋል። እነሱ ወደቁ፣ ሶሐቦች አለፉ። አላህ ፈተናውን ለምን በአደን አደረገው ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ገበያ ላይ ሰው ያይሃል፣ ቢሮ ውስጥ አለቃ አለ፣ መስጊድ ውስጥማ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው። አዳኝ ግን ብቻውን ነው።

አንተም ብቻህን ትሆናለህ። በአልበርታ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ካለፈ መተኮስ አይፈቀድም። ሙሱ ደግሞ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ከዛፎቹ መካከል ሊወጣ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በብርድ ተቀምጠሃል፣ ሰው የለም፣ ጠባቂው ሩቅ ነው። ወይም ፈቃድህ ለወንድ ነው፣ አንተ ያየኸው ጆሮ ይሁን ቀንድ በደንብ አልለየህም። «የመንግሥት ደንብ ነው እንጂ የሸሪዓ ጉዳይ አይደለም» የሚል ድምፅ ይመጣብሃል። የማኢዳህን የመጀመሪያ አያ ተመልከት፤ ውሎችን ሙሉ የሚለው ትእዛዝና ስለ አደን የሚናገረው ክልከላ በአንድ አያ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። ፈቃድህን ስትወስድ ውል ገብተሃል። የሙስ ፈቃድ በዕጣ የሚሰጠውና ሰዎች ዓመታት የሚጠብቁት እንስሳው እንዳያልቅ ነው፤ ከደንቡ ውጪ የምትጥለው ሙስ ተራውን ሲጠብቅ ከነበረ ሰው አማና የተወሰደ ነው።

ስለ ፊቅሁ አንዳንድ ነገር ልበል፤ ዝርዝሩን አጠገብህ ያለ ዓሊም ጠይቅ። ቢስሚላህ የሚባለው ጥይት ስትጎርስ ሳይሆን ምላጩን ስትስብ ነው፣ በእያንዳንዱ ተኩስ። ጥይት ሰውነት በስቶ የሚገባ በመሆኑ አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማኦች እንደ ቀስት ያዩታል። ደርሰህ ስታገኘው ነፍሱ ካለችና ማረድ ከቻልክ ማረድ አለብህ፣ ስለዚህ ስለታም ቢላዋ ወገብህ ላይ ይኑር፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። ግን ተጠንቀቅ፤ የወደቀ ሙስ ተነስቶ ሰው ይረግጣል። ከኋላው ቅረብ፣ በረጅም እንጨት ዓይኑን ንካ። ከተንቀሳቀሰ ወይም ዓይኑ ከተከደነ አልሞተም ማለት ነው። መቅረብ የማይቻል ከሆነ ቢስሚላህ ብለህ ድገመው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደንብራ ያመለጠችን ግመል በቀስት ያስቆመውን ሰው ተግባር አጽድቀዋል።

ውሃ ውስጥ የቆመን ሙስ ተው። ልምድ ያላቸው አዳኞች ይህን የሚሉት 500 ኪሎ ሬሳ ከሐይቅ መጎተት ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። ለእኛ ግን ሌላም ምክንያት አለ። ዐዲይ ኢብኑ ሐቲም ስለ አደን ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሃ ውስጥ ሰምጦ የተገኘን እንዳይበሉ ነግረዋቸዋል፤ የገደለው ቀስቱ ይሁን ውሃው አይታወቅምና። በዚያው ሐዲስ ተመትቶ ለአንድ ቀን የተሰወረ አደን ሲገኝ ከቀስትህ ምልክት በቀር ሌላ ከሌለበት ይበላል። ልብ በል፤ ይህ ፍቃድ ትርጉም የሚኖረው ለሚፈልገው ሰው ነው።

የቆሰለ እንስሳን ጥሎ መሄድ ከአደን ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው እላለሁ። ሙስ ጥሩ ቦታ ተመትቶም ምንም እንዳልሆነ ቆሞ ሊያይህ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ ጫካ ሊገባ ይችላል። ጀማሪ «ሳትኩት» ብሎ ይተወዋል። የቆመበትን ዛፍ ለይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ (ወዲያው ከተከተልከው ይርቃል)፣ ከዚያ ሄደህ ደም፣ ፀጉር፣ የተረገጠ ሣር ፈልግ። ስዊድን ውስጥ ሕጉ የቆሰለ እንስሳ መከታተል የተማረ ውሻ ከተኩሱ በኋላ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ ሊደርስ እንዲችል ያስገድዳል። ሙስሊም ያልሆነ ሕዝብ ለአንድ እንስሳ ስቃይ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ እኛ ኢሕሳንን የተማርነው ምን እንላለን?

አሁን ያቺን ቁጥር አምጡልኝ። 225 ኪሎ! የአልበርታ ሙስ ከአላስካው ቢያንስም ሸክሙ ያው ሸክም ነው። አንዱ የኋላ እግር ከነአጥንቱ የግማሽ ኩንታል ጆንያ ያህል ይከብዳል፣ መኪናህ ደግሞ ከረግረጉ ማዶ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ምን ያህል ርቀህ እንደምትተኩስ ወስን፤ ልትሸከመው የማትችለውን አትጣል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፣ ሥጋው በብርድ አገር እንኳ ከአጥንቱ ጀምሮ ይሸታል። ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጣ፣ ግፈፍ፣ በየብልቱ አውጥተህ አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ስቀል። ላስቲክ አትጠቀም። በዓል ላይ ቅርጫ ስትካፈል ያደግክ ከሆነ እጅህ እንግዳ አይሆንም። መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፣ ለሐላል ሥጋ ቤት ባለቤቱ ጓደኛህ እንኳ ቢሆን፤ መስጠት ግን ይቻላል። ለጎረቤት፣ አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶች።

ባልደረቦችህ የጣሉትን በተመለከተ፣ ተኳሹ አይሁድ ወይም ክርስቲያን ከሆነ ጉዳዩ የአህለል ኪታብ ጉዳይ ነው። ሃይማኖት የለኝም ከሚል ሰው ጋር በአንድ ሙስ ላይ አብረህ አትተኩስ፤ በትሕትና አስቀድመህ ንገረው፣ ሰዎች ከምታስበው በላይ ይረዳሉ። እህቶችም ጠይቃችኋል፤ የሴት አደንም እርድም ትክክል ነው፣ ልዩነት የለውም።

ከመሄድህ በፊት ቡድኑን የሚመራውን ሰው አንድ ነገር ጠይቀው፦ ሙሱ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቢመሽብን ምን እናደርጋለን? «ሌላ እንፈልጋለን» ካለህ ግብዣውን አመስግነህ ቤትህ ቅር። «ጎህ ሲቀድ ደሙን ከለቀቅንበት ቦታ እንጀምራለን» ካለህ ግን ቢላዋህን ሳልና ሂድ።

ወላሁ አዕለም።