«ካረጁ አይበጁ» እና ባለሦስት ማርሽ ብስክሌት

«ካረጁ አይበጁ» አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በሰው ላይ ነው። አንድ አባት አዲስ ሥራ ልጀምር ሲሉ፣ አንዲት እናት ፊደል ልቁጠር ብለው ሲመዘገቡ፣ አጠገባቸው ያለ ሰው ተረቱን ጣል ያደርጋል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው መዝጋቱ ነው። ተረቱ ምኑ እንዳረጀ፣ በምን እንዳረጀ፣ ማን ከፍቶ እንዳየው አይጠይቅም። ስለዚህ በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ቡሎንና ዳዶ ባለው ነገር ላይ እንፈትነው።

የምፈትንበት ዕቃ የእንግሊዝ ባለሦስት ማርሽ ብስክሌት ነው። ኖቲንግሃም ከተማ የነበረው የራሌ ፋብሪካ እንዲህ ያሉትን ብስክሌቶች ለሠራተኛው፣ ለተማሪው፣ ለገበያተኛው በገፍ ሠርቶ ወደ ብዙ አገር ልኳል። አሜሪካም ብዙ ገዝታለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የብስክሌት ገበያ ሲጦፍ ግን የሰው ዓይን ወደ ባለዐሥር ማርሹ ዞረ፤ ባለሦስት ማርሿም ጋራዥ ጥግ ቆመች። ዛሬ እኔ በምኖርበት አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች በየደጃቸው አሮጌ ዕቃ ሲዘረጉ ከመሰላልና ከአሻንጉሊት መሃል ብቅ የምትለው እሷ ናት። የእኔን አረንጓዴ ራሌ በ50 ዶላር ገዛኋት። ሻጩ «ማርሹ ሞቷል» ብለውኝ ነበር።

ስትገዙ በቀለሙ አትታለሉ፣ በአቧራውም አትሽሹ። ፍሬሙ ከፊት ሹካው በላይ ተጨማድዶ እንደሆነ እዩ፤ ከተጨማደደ ተጋጭታለች ማለት ነውና እለፏት። የኮርቻው ዘንግና የመሪው ዘንግ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ሞክሩ፤ በዝገት ከፍሬሙ ጋር ተጣብቀው ከሆነ ብዙ መከራ ያሳያሉ። ከዚያ የኋላውን ሞዞ (የጎማውን እምብርት) በጨርቅ ወልውሉት። ስተርሚ አርቸር የተባለው ኩባንያ የሠራው ከሆነ ብዙ ጊዜ ዓመቱና ወሩ ተመትቶበታል፤ «64 3» የሚል ካያችሁ የተሠራው እ.ኤ.አ. በማርች 1964 አካባቢ ነው ማለት ነው።

ያ ሞዞ ተረቱ የሚፈተንበት ዋናው ቦታ ነው። ስተርሚ አርቸር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ በብዛት የሚገኘው የኤደብሊው ሞዞ ደግሞ በ1930ዎቹ የወጣ ነው። ሦስቱም ማርሾች ሞዞው ውስጥ ናቸው፣ ከውጭ አይታዩም። ሁለተኛው ማርሽ ቀጥታ ነው፤ የኋላ ጥርሱ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል። አንደኛው ያን ወደ ሦስት አራተኛ ያወርደዋል፣ ሦስተኛው በአንድ ሦስተኛ ከፍ ያደርገዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ግን ምንም የማይዝ ባዶ ቦታ አለ። የማርሹ ገመድ ልኩን ካልጠበቀ ሞዞው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይወድቅና ፔዳሉ በባዶ ይሽከረከራል። ቆሞ የሚነዳ ሰው ክፉኛ ሊወድቅ ይችላል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ የደነገጠ ሰው ብስክሌቷን ወደ ጋራዥ ቢመልሳት አይፈረድበትም። «ማርሹ ሞቷል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። መድኃኒቱ ማርሹን ሁለተኛው ላይ አድርጎ በቀኙ ዳዶ ቀዳዳ ማየት ነው፤ ገመዱ ከሚስባት ቀጭን ሰንሰለት ጋር የተያያዘው ዘንግ ጫፍ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ የገመዱን ማስተካከያ በጣት ማዞር። የእኔዋ የሞተችው በዚህ ነበር። በሞዞው ላይ ባለችው የዘይት ክዳን ቀጭን ዘይት ጠብ ስታደርጉበት ደግሞ ለዓመታት የረጋው አሮጌ ዘይት እየለሰለሰ ይወጣል፣ የማርሹም ድምፅ ይመለሳል። እርጅና ሲባል የኖረው ነገር ሲከፈት የዘይት ጥማትና የላላ ገመድ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ተረቱ ያላሰበው ነገር አለ። ከእነዚህ ብስክሌቶች ብዙዎቹን ያስረጃቸው ሥራ አይደለም፤ መቆም ነው። ጎማው የደረቀው ቆሞ ነው፣ ቅባቱ ሙጫ የሆነው ቆሞ ነው። ጥርሱንና ኩሽኔታውን ብታዩ ገና ብዙ የሚሠሩ ናቸው። ልጆቻቸው ጋ ብለው ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የመጡ፣ አገር ቤት ሱቅና ትምህርት ቤት ሲመሩ የኖሩ እናቶችን አስባለሁ። ቤት ተቀምጠው በቆዩ ቁጥር «ካረጁ አይበጁ» የሚለው ቃል በላያቸው እውነት እየመሰለ ይሄዳል። እኒያው እናቶች ቋንቋ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ አይቻለሁ። ሰው ብስክሌት አይደለም፤ ግን መቆምን እርጅና ብሎ መጥራት በሁለቱም ላይ ያው ስሕተት ነው።

ለተረቱ ደግሞ የሚገባውን ልስጠው። የራሌ የፔዳል አክስል ቤት ጥምዙ በአንድ ኢንች 26 ነው፤ አብዛኞቹ ሌሎች የእንግሊዝ ፋብሪካዎች 24 ይጠቀሙ ነበር፤ ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ አዲስ ዕቃ አይገባበትም። ጎማው ላይ «26 በ1⅜» የሚል ጽሑፍ ቢኖርም የሺዊን ብስክሌት ጎማ ተመሳሳይ ቁጥር ይዞ ለራሌው ቸርኬ ይሰፋል፤ ትክክለኛው 590 የሚል የተጻፈበት ነው። የፔዳሉን ክንድ የያዘው ሽብልቅ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ስለሆነ፣ ክንዱን ከሥር ሳይደግፍ በመዶሻ የሚነርተው ሰው ጫፉን ያበላሸዋል፤ በእርጋታ በማስጨነቂያ መግፋት ይሻላል። ከሁሉ የሚከፋው ፍሬኑ ነው። ክሮም የለበሰ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ በደንብ ሊይዘው አይችልም፤ ይህ ደግሞ አዲስ ሳለችም የነበረ ጉድለት ነው። ዘይትና ትዕግሥት አያድኑትም።

የእነዚህ ብስክሌቶች ማርሽ ለዳገት ይከብዳል፤ በዚህ በኩል ግን ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ስተርሚ አርቸር ሲፈርስ ስሙንና ንብረቱን የገዛው የታይዋኑ ሰንሬስ ነው፤ ሞዞውንም መለዋወጫውንም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ባለ18 ጥርሱን የኋላ ክብ አውጥታችሁ ባለ22 ብታስገቡ፣ ካቴናውንም ትንሽ ብታስረዝሙ፣ ሦስተኛው ማርሽ በክብደቱ ወደ ቀድሞው ሁለተኛ ይጠጋል፤ ዳገት መውጣት ይቀላል።

ተረቱን ያወረሰን ሕዝብ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራንም አቁሟል። እዚያ አሮጌ በርሜል ምጣድና ባልዲ ይሆናል፣ የተጣለ ብረት በመዶሻ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። የእጅ ባለሙያው ተረቱን ያውቀዋል፣ ምናልባትም ይናገረዋል፤ እጁ ግን አይታዘዘውም። ከትልልቅ መደብሮች በርካሽ የሚሸጠውን አዲስ ብስክሌት ለእሱ ብትሰጡት ከአሮጌዋ ይልቅ የሚያስቸግረው ያ ይመስለኛል፤ የሚከፈተው ጥቂት ነው፣ የሚተካውም እንደዚያው። ስለዚህ እኔ ዕድሜን መጠየቅ ትቻለሁ። የምጠይቀው ይከፈታል ወይ፣ መለዋወጫ አለው ወይ፣ የሚያውቀው ሰው ቀርቷል ወይ ብዬ ነው።

የቀረኝ ሥራ ቸርኬው ነው። የእኔዋ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ሽቦ አላት፤ ዛሬ በየሱቁ ግን ባለ40 ብዙም አይገኝም። በዝናብ ቀን የሚያስቆም ባለ40 ቀዳዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ እየፈለግሁ ነው።