ስለ ርኅራኄ፤ ለሰውና ለእንስሳ

ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀኖች በፋሺስት እጅ ላለቁት ሰዎች የቆመውን ሐውልት ያገኛል። ከዚያው አጠገብ በ1940 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ አንበሶች ግቢ ተሠራ። ብዙ ዘመንም ተመልካቹ ገንዘብ እየከፈለ ሥጋ የሚበሉትን አንበሶች ሲያይ፥ ከአጥሩ ውጭ ድኻው ቁራሽ ሲለምን ኖረ። ስለዚህ በዚያ የሚያልፍ አስተዋይ ሰው በልቡ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ሰው እየተራበ ለእንስሳ መራራት ተገቢ ነውን?

ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዙፋን የተነቀነቀበት ቀን አለና። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ ተመትቶ ሕዝቡ ሲያልቅ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደዚያ ሄደው የተራቡትን ሰዎች ፎቶግራፍ አነሡ፤ ተመልሰውም በዩኒቨርሲቲው አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያንኑ መከራ በፊልም አንሥቶ በአገሩ ቴሌቪዥን ገለጠው። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይህንኑ ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሲያሳይ ግን፥ የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታዩበትን ሥዕል በተራቡት ሰዎች ሥዕል መካከል አስገባበት። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር በማይገባበት አገር፥ ውሻ ሥጋ ሲጐርስና ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሲሞት ባንድነት ማየት አንጀት የሚቈርጥ ነገር ነው። የሕዝቡም ቍጣ ከንቱ አልነበረም፤ ርሃቡ እውነት ነበር፥ መሸሸጉም እውነት ነበር። ዳሩ ግን ነገሩን ረጋ ብሎ የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ይለያል። ያ ለውሾች የተጣለው ሥጋ ወደ ወሎ ቢላክ አንዱን ቤተ ሰብ እንኳ ለሳምንት ባላጠገበም ነበር። በደሉ ውሻው መብላቱ አይደለም፤ የተራበው ሰው ጩኸት ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ሳይደርስ መቅረቱ ነው እንጂ። የተከሰሰው ለእንስሳ መራራት ነበር፤ ጥፋቱ ግን ለሰው አለመራራት ነበር።

ከሳሾቹ ኋላ ያደረጉትን የተመለከተ ሰው ይህን በቶሎ ይረዳል። ፊልሙ በታየ በሦስተኛው ወር፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ አስረሸነ። በ1977 ዓ.ም. በመስከረም ወርም ወሎና ትግራይ እንደ ገና በርሃብ ሲያልቁ፥ በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ። በዚህ ጊዜ የሚከሰስ ውሻ አልነበረም፤ ነገር ግን የተራበው ስለዚህ እንጀራ አላገኘም። እንግዲህ ለእንስሳ አለመራራት ለሰው መራራትን አይወልድም፤ የሌላውን ርኅራኄ መንቀፍም ራሱ ርኅራኄ ሆኖ አይቈጠርም።

ይህ ማለት ግን ሰውና እንስሳ በሚዛን ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። ለውሻው መቃብር የሚያሠራ፥ የዘበኛውን ልጆች ስም ግን የማያውቅ ጌታ ነቀፋ ይገባዋል። የእንዲህ ያለው ሰው ድካም ከወዴት እንደሚመጣም ማስተዋል ይገባል። ለእንስሳ መራራት ይቀላል፤ እንስሳ አያማርርም፥ አይከራከርም፥ ለምን ድኻ ሆንሁ ብሎ አይጠይቅም። ድኻ ግን ይናገራል፤ ንግግሩም አንዳንድ ጊዜ ወቀሳ ነው፥ ወቀሳውም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ስለዚህ ለእንስሳ ብቻ የሚራራ ሰው፥ ዕዳ የማያስከትለውን ርኅራኄ መርጦ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

ጌታ በወንጌል በሰንበት ቀን ከጕድጓድ በሬውን የሚያወጣውን ሰው ስለ በሬው አልነቀፈውም። ለበሬው የተዘረጋው እጅ ለታመመው ሰው ሲታጠፍ በማየቱ ወቀሰ እንጂ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው፥ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ነው። እኚሁ ጻድቅ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ለመለመን በዝቋላ ባሕር ውስጥ መቶ ዓመት ቍልቍል ተዘቅዝቀው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። ለወፊቱ የፈሰሰው እንባና ለሕዝቡ የቀረበው ጸሎት ከአንድ ልብ ወጡ፤ አንዱ ሌላውን አላጐደለበትም።

በአምስት ኪሎ ጐዳና ማታ ማታ ለባለቤት አልባው ውሻ አጥንት የሚጥል ሰው አይነቀፍ፤ መልካም አድርጓልና። ነገር ግን አጥንቱን ጥሎ ቀና ሲል፥ በግንቡ ሥር ካቦርቱን ተከናንቦ የተኛውን ሰው ያየው እንደ ሆነ ወደ ቤቱ ለመግባት አይቸኵል። ውሻውን ያየበት ዓይን ያንንም ሰው ይየው፤ ስሙንም ይጠይቀው።