እንለወጣለን፤ ሌላ ግን አንሆንም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ከምታስተምራቸው ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። በስደት በሚኖር ጉባኤ መካከል የዚህ ምሥጢር ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በሐዘን ቤት ነው። በእርጅና ደዌ የልጆቿን ስም ሳይቀር ረስታ ያረፈች እናት በባዕድ አፈር ስትቀበር፣ ከልቅሶተኞቹ አንዱ «ወዲያ የምናገኛት ማንን ነው? የምታውቀንን ወይስ የረሳችንን? በክብር ተለውጣ ብትነሣስ እርሷ መሆኗ በምን ይታወቃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ምንም የማይለወጥ ቢሆን ትንሣኤ ወደ ደዌና ወደ እርጅና መመለስ በሆነ ነበር፤ አልዓዛርም ከመቃብር ወጥቶ ዳግመኛ ሞቷል። ሁሉም የሚለወጥ ቢሆን ደግሞ የሚነሣው ሌላ ሰው ይሆናል። በእኔ ስም ሌላ ሰው ቢደሰት ለእኔ ተስፋ አይሆነኝም፤ እኔ ባጠፋሁት ሌላው ቢፈረድበትም ፍትሕ አይባልም። እንግዲህ ተስፋውም ፍርዱም የቆሙት የሞተው ራሱ በመነሣቱ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ምዕራፍ ሰውን ያው ሰው የሚያሰኘው ኅሊናው፣ ማለትም ያለፈ ሥራውን የራሱ አድርጎ ማወቁ ነው ብሏል። ይህ ብቻውን እውነት ከሆነ ያቺ እናት ከመሞቷ አስቀድሞ ጠፍታ ነበር ማለት ነው። ሃይማኖታችን ግን የሰው ማንነት በገዛ ትዝታው ብቻ የተንጠለጠለ ነው አትልም። ትዝታ ከእርሷ ቢጠፋም እርሷ ከፈጣሪዋ ዘንድ አልተረሳችም።

ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 15 ሁለት ምሳሌዎችን ይሰጠናል። አንደኛው ዘር ነው። ዘሩ በመሬት ውስጥ መልኩን ያጣል፤ ቢሆንም ጤፍ የዘራ ገበሬ ገብስ አያጭድም። ሁለተኛው ልብስ ነው። የሚሞተው አካል የማይሞተውን ይለብሳል ሲል፣ የሚለብሰው አካል እንዳለ ያስረዳል። ለባሽ ከሌለ መልበስ የለም።

ለሁለቱም ማኅተሙ የጌታችን ትንሣኤ ነው። በተዘጋ ደጅ ገባ፤ የኤማሁስ መንገደኞችም እንጀራውን እስኪቆርስላቸው ድረስ አላወቁትም። ይሁን እንጂ ማርያም መግደላዊት በስሟ ሲጠራት ለየችው፤ ለቶማስም የተቸነከሩ እጆቹንና የተወጋ ጎኑን አሳየው። ቁስሉ አልተደመሰሰም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ አያደማም። ከዚህ የምንማረው፣ ያለፈው ሕይወታችን እንደሚፈወስ እንጂ እንዳልነበረ እንደማይሆን ነው።

ሥጋችን በባዕድ ምድር መበተኑም አያስፈራን። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ከታመመችው እኅቱ ከቅድስት ማቅሪና ጋር ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ባደረገው ንግግር፣ ሥጋ ቢበተንም ነፍስ የራሷን እንደማትስት ተጽፏል። ሀገር ቤት መቀበር መልካም ናፍቆት ነው፤ የትንሣኤ ቅድመ ሁኔታ ግን አይደለም።

ከዚህ ትምህርት ከባዱ ክፍል ግን ገና ነው። የምነሣው እኔው ከሆንሁ፣ የሚነሣውም የተጣላሁት ወንድሜ ራሱ ነው። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በሁለት ሲኖዶስ ተለያይታ የኖረችው ቤተ ክርስቲያናችን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ዕርቅ አወረደች። በዚያ ዘመን በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በአንድ ቅዳሴ ሳይቆሙ ያረፉ ብዙዎች ናቸው። እነርሱ በአንድ መለከት ይነሣሉ። በዚያን ቀን ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ «ያ ሌላ ሰው ነበር» የሚል ማመካኛ አይኖርም።

«መለወጡ ወዲያ ነውና እስከዚያው እንዳለሁ ልኑር» የሚል ሰው ስለዚህ ተስፋውን አልተረዳም። ለውጡ በጥምቀት ተጀምሯል፤ በንስሓ ይታደሳል፤ በቅዱስ ቁርባን ይመገባል። ወዲያ የሚፈጸመው እዚህ የተዘራው ነው። ስለዚህ፣ ምእመናን፣ ለሞቱት በፍትሐትና በተዝካር ስንጸልይ ስማቸውን እየጠራን መሆኑን እናስተውል፤ ስም የሚጠራው ላልጠፋ ሰው ነውና። በሕይወት ያለውን ባላንጣችንንም ዛሬውኑ በስሙ ጠርተን እንታረቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።