የበዛው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጥያቄ መንገድ ላይ ያገኘነው ነው። መልሱን ግን ዛሬም እየፈለግነው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ከቤተሰቦቻችን ጋር የሐሸንጌን ሐይቅ ለማየት ከቆቦ በማለዳ ተነሣን። መኪናው ዋጃንና አላማጣን አልፎ የግራካሱን ጠመዝማዛ አቀበት ሲያያዘው የቆላው ሙቀት ከኋላችን ቀረ። ኮረምን እንዳለፍን ሐይቁ በተራሮች መካከል ተንጣሎ ታየን፤ እናቶቻችንም እልል አሉ።

ዳሩ ግን ከዳርቻው ስንደርስ ሰው ሞልቶበታል። ጥሩ መቀመጫ ሁሉ ተይዟል፤ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ኳስ ይለጋል። ከመካከላችን አንዱ ተናዶ «ይኼን ሁሉ ሰው ዛሬ ምን አመጣው?» አለ። አያታችን ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ እኛንስ ቆጠርኸን?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩም በሳቅ አለፈ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓዛችንን ሸክፈን ተመለስን። ኮረም ስንደርስ ምግብ የቋጠርንበትን ፌስታልና ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶቹን ከሣሩ ላይ ትተናቸው እንደ መጣን ትዝ አለን። ሾፌሩ «ልመለስ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «በዚያ ሁሉ ቆሻሻ መካከል የእኛ ምን ይታወቃል?» አልነው፤ ሳንመለስም ቀረን። ሐሸንጌ ደግሞ ወንዝ የሚወጣው ሐይቅ አይደለም። ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ውኃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ ፈስሶ የሚሄድ የለም። የተውነውን ነፋስና ጎርፍ ወስደው ከጨመሩበት ጠርጎ የሚያወጣለት የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጠዋት «ሰው በዛ» ብለን ስናማርር ራሳችንን ከሰው ቁጥር አወጣን። ማታ «የእኛ ምን ይታወቃል» ስንል ደግሞ ራሳችንን ከአጥፊዎች ቁጥር አወጣን። ለመሆኑ ሁሉም ራሱን ካልቆጠረ የበዛው ማን ነው?

ይህ በአንድ ቀን ሽርሽር ያየነው ነገር በአገራችን ታላቅ ስፍራ ላይ በትልቁ ደርሷል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን መጀመሪያ ሲመዘግብ ከጎረቤታችን ከላሊበላ ጋር አብሮ ተመዘገበ። ዋልያ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ይሁን እንጂ እርሻውና የግጦሹ ከብት እየገፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ስለ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ አገሩን ለቆ ወደ ደባርቅ ሄዷል።

በዚያ ተራራ ላይ የበዛው ማን ነበር? ገበሬው ነው ብንል፣ እርሱ የተወለደው እዚያው ነው፤ ያረሰውም ልጆቹን ለማብላት ነው። ዋልያው ነው ማለት ደግሞ አይቻልም፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ቦታው ይጠበቅ ዘንድ ቤቱን የለቀቀ ሰው ከባዱን ዋጋ ከፍሏል። እኛ ጎብኚዎቹ ግን የመግቢያ ሒሳብ ከፍለን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስፍራ ላይ ቆሞ «ሰው በዛ» የሚል ጎብኚ ስፍራው በማን ዋጋ እንደ ተጠበቀለት አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የተቋቋመው የሎውስቶን ፓርክ በአሁኑ ዘመን በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ የሚገባበት ጊዜ አለ። በዚያም በመኪና ሰልፍ ውስጥ ተቀምጦ በመኪና ብዛት የሚማረር ሰው የራሱ መኪና ሰልፉን እንዳረዘመው አይታየውም።

አንዳንድ ወንድሞች «እኔ አንዱ ብቀር ወይም አንዱ ብጠነቀቅ ምን ይለወጣል?» ይሉ ይሆናል። ይህ በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ በእርግጥም የአንድ ሰው ጠርሙስ ሐይቅ አያጠፋም። ነገር ግን መልሱን ከራያ ማሳ እንፈልገው። በእኛ ቆላ ዝናብ ሲያንስ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። የላይኛው ባለማሳ «የእኔ አንድ ማሳ ምን ያህል ውኃ ትጠጣለች?» ብሎ ቦዩን ሳይመልስ ቢተኛ የታችኛው ሰው ማሽላ ይደርቃል። ስለዚህ በተራ ይጠጣል። ተራ የሚጠብቅ ሰው ጎረቤቱን አላባረረም፤ ራሱንም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሯል። ለጋራ ነገር ከዚህ የተሻለ ሕግ አላገኘንም።

አባታችን አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ታዝዞ እንደ ሆነ ተምረናል። በዚያን ጊዜ አዳም ብቻውን ነበር፤ «ሌላው ይጠብቃት» የሚልበት ሰው አልነበረውም። እኛ ዛሬ ብዙ ብንሆንም ትእዛዙ በብዛታችን ልክ ተከፋፍሎ አላነሰም። እያንዳንዳችን እንደ አዳም ሙሉውን ተቀብለነዋል።

ስለሆነም፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ ንግሥ በዓል ስንሄድ፣ ሰው በዝቶ ባገኘነው ጊዜ ቆጠራውን ከራሳችን እንጀምር። ያመጣነውን ይዘን እንመለስ፤ የተቀመጥንበትን ጥላ ከእኛ በኋላ ለመጣ ሰው እንልቀቅ። ያን ምሽት ከኮረም ብንመለስ ኖሮ የምናጠፋው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነበር። አያታችን ዛሬም ስለዚያ ጉዞ ሲነሣ «ቆሻሻችሁን ማን አነሣላችሁ?» ይሉናል። እኛም እስከ ዛሬ የምንሰጣቸው መልስ የለንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።